ሳጥኑ

የተከበራችሁ የአማርኛ መምህራን፣ ወላጆች፣ በቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

እኔ የጃፓንኛ አስተማሪ ነኝ። ሐበሻ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ ነው። በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ተማርኩ፣ ትዳር ወደ ቨርጂኒያ አመጣኝ፣ እዚህ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ታሪኩ ይኸው ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን በሥራው ላይ ስላቆየኝ የመምህራን ማኅበር ልነግራችሁ ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት ጃፓንኛ የማስተምረው እኔ ብቻ ነበርኩ። የስፓኒሽ አስተማሪዎች ስድስት ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰብሰብ ብለው ፈተና ያወጣሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይሸፍናል። እኔ ከጀማሪ እስከ አራተኛ ዓመት ብቻዬን እይዛለሁ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመቶቹ የሚማሩት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ነበር። በዕለት ተዕለት አገልግሎት ላይ እንዲውሉ ጃፓን የመደበቻቸው ካንጂ የሚባሉት የጽሕፈት ምልክቶች 2,136 ናቸው። በሳምንት ስንቱን ልስጥ? የሚጠየቅ ሰው የለም። የካቲት ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ እዞር ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የጃፓንኛ መምህራን ማኅበር ስብሰባ ላይ ሄድኩ። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ። ተራዬ ሲደርስ ስለ ሥራዬ ማውራት ጀምሬ እንባዬ መጣ። ማንም አልደነገጠም። ሁሉም ያውቁታል። ሲያልቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጃፓናዊት መምህርት ወደ መኪናቸው ወሰዱኝና የጫማ ሳጥን ሰጡኝ።

ውስጡ በእጅ የተጻፉ ካርዶች አሉ። ጠርዛቸው ተላልጧል። ፊቱ ላይ ካንጂው፣ ጀርባው ላይ የትኛው ጭረት ቀድሞ እንደሚጻፍ በቀይ ቁጥር። «መጠበቅ» የሚለው ካርድ ሥር በእርሳስ አንድ ማስታወሻ ነበር፤ «ልጆቹ ይህን ከ‹መያዝ› ጋር ያምታቱታል፣ አንድ ላይ አታስተምሪ» ይላል። እውነት ነው። የሁለቱ ቀኝ ጎን አንድ ነው፣ የሚለዩት በግራው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሁለቱን አንድ ላይ አስተምሬ ክፍሉን ሁሉ አደናግሬው ነበር። መጽሐፉ ካንጂውን ያስተምራል። ልጁ የት ጋ እንደሚሳሳት የሚነግረኝ ግን ዕድሜውን ክፍል ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው።

ደብዳቤውን ቀደድኩት።

በአሜሪካ እንዲህ ያሉ የየአካባቢው ማኅበራት ብዙ ናቸው። ዋሽንግተንን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያቅፈው የመካከለኛው አትላንቲክ የጃፓንኛ መምህራን ማኅበር ነው። በአገር ደረጃ ደግሞ በ2012 ሁለት ማኅበራት ተዋሕደው የፈጠሩት የአሜሪካ የጃፓንኛ መምህራን ማኅበር አለ። ለተማሪዎች የአዲስ ዓመት ፖስትካርድ ውድድር ያዘጋጃል። ታኅሣሥ ላይ የሚሰጠውን የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናም እዚህ አገር የሚያስፈትነው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ስልክ የምደውልለት ሰው መኖሩ ነው።

ምክንያቱም አንድ መምህር ብቻ ያለው ቋንቋ ዕድሜው የመምህሩ ዕድሜ ነው። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ርእሰ መምህሩ «ተማሪው አንሷል፣ ሰውም የለም» ይልና ክፍሉ ይዘጋል። ይህን በቅርብ አይቼዋለሁ። ማኅበር ሲኖር ቢያንስ ወሬው ሳይዘገይ ይሰማል። ተተኪ የሚጠቁም፣ ለትምህርት ቦርዱ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ወላጆቹን ይዞ ስብሰባው ላይ የሚቆም ሰው ይገኛል።

እስቲ ስለ አማርኛም ላንሳ። ጃፓንኛ ስማር ክፍላችን ውስጥ ከነበሩት አውሮፓውያን ይልቅ ለእኔ ቀለል ያለኝ ነገር ነበር። ግሱ እንደኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ታቤቴ ኪታ» ቃል በቃል «በልቶ መጣ» ነው። «ታቤቴ ሚሩ» ደግሞ «በልቶ ማየት»፣ ማለትም መሞከር። እኛስ «እስቲ በልተህ እየው» እንል የለ? ይህን ማኅበሩ ውስጥ ሳቀርብ፣ የሐበሻ ልጆች የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ወረቀቱን ለምነው ወሰዱ። በማግስቱ አማርኛ የሚሰሙትን ልጆች በዚሁ መንገድ አስተማሯቸው። ቤት ውስጥ ይዘውት የመጡት አማርኛ ክፍል ውስጥ ሲጠቅማቸው፣ የልጆቹ ፊት እንዴት እንደበራ ደውለው ነገሩኝ።

እዚሁ አርሊንግተን ዲፕሎማቶችን የሚያሠለጥነው የአሜሪካ ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጃፓንኛ 2,200 ሰዓት፣ አማርኛ 1,100 ሰዓት ያህል ትምህርት ይፈልጋል ይላል። አማርኛም ቀላል አይደለም ማለት ነው። እናንተ ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ያለ ደመወዝ፣ አንዳንዶቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ታስተምራላችሁ።

ጃፓንኛን የሚደግፍ መንግሥት አለ፣ ገንዘብ አለ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ። የጃፓን ፋውንዴሽን ለመምህራን ድጋፍ ይሰጣል፣ እኛ ያ የለንም። ያ የጫማ ሳጥን ግን ምንም ገንዘብ አልፈጀም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምታስተምር እህት «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን ለስድስት ዓመት ልጅ በምን ዘዴ እንደምታስለይ አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድም ቢያውቅ፣ የሚጠይቀው አንድ ስልክ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሩ አጠገብ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስማችሁን፣ የት እንደምታስተምሩ፣ የልጆቻችሁን ዕድሜ ጻፉበት። ከሥሩ ደግሞ በዚህ ዓመት ክፍል ውስጥ የሠራላችሁን አንድ ነገርና ያስቸገራችሁን አንድ ነገር ጨምሩ። ዛሬ ማታ ሁሉንም ተይቤ ለሁላችሁም እልካለሁ።

ሳጥኑንም ይዤው መጥቻለሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡናው ደርሷል፣ እየጠጣን እንየው።