ከአራተኛ ፎቅ የሚታይ ታንክ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ነው ድምፄን የምቀዳው፤ የመኪና ጥሩምባ ከገባ ይቅርታ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ትናንት አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ሊያራግፍ እታች ቆመ። ከላይ ሳየው አሸዋው መርጠቡ ሳይቀር ይታየኛል። ሹፌሩ ግን ቀና ቢል እንኳ የሚያየው የጋቢናውን ጣሪያ ነው። ወዲያው ግሮዝኒ ትዝ አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ሰሞኑን የማነበው ስለ እሷ ነው።

ግሮዝኒ ከሩሲያ ልገንጠል ያለችው የቼችንያ ዋና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 የሩሲያ መከላከያ ሚኒስትር ፓቬል ግራቾቭ በአንድ የአየር ወለድ ሬጅመንት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እይዛታለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። ታንኮቹ ዲሴምበር 31 ገቡ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ። 131ኛው ብርጌድ እስከ ባቡር ጣቢያው ዘለቀ። መግባቱማ ቀላል ነበር። እዚያው ተከበበ።

ቼችኖቹ ጥቂት ጥቂት ሆነው አርፒጂና መትረየስ ይዘው፣ ግማሹ ምድር ቤት፣ ግማሹ ፎቅ ላይ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ የፊተኛውን ታንክ ይመታሉ፣ ቀጥሎ የኋለኛውን። መሀል ያለው ወዴት ይሂድ? መድፉ ላይኛው ፎቅ ድረስ ቀና አይል፣ ምድር ቤት ድረስ አያጎነብስ። ብረቱ ደግሞ የሚሳሳው ከላይ ነው። ብርጌዱ ከ26 ታንኮቹ 20ውን አጣ። አዛዡ ኮሎኔል ኢቫን ሳቪንም ሞተ። በኋላ ሩሲያውያኑ የአውሮፕላን መቃወሚያቸውን ወደ ፎቆቹ አዞሩ፤ አፈ ሙዙ ወደ ላይ የሚወጣው የእሱ ነዋ!

እኔን የገረመኝ ግን ካርታው ነው። ብዙ አዛዦች የያዙት 1 ለ100,000 ነበር። እዚያ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሴንቲ ሜትር ናት። ሰፈራችን በጣት ጥፍር ይሸፈናል ማለት ነው። ፎቅ የለ፣ ደረጃ የለ፣ ምድር ቤት የለ።

ሰውም የለ። ቦምቡ ሲበረታ ብዙ ቼችኖች ገጠር ዘመድ ጋ ሄዱ። ምድር ቤት ከቀሩት ብዙዎቹ መሄጃ ያልነበራቸው የሩሲያ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ቦምቡ የሚመጣው ከራሳቸው ጦር ነው፤ አስቡት።

ማታ መብራት አጥፍቼ ከተኛሁ በኋላ ጎረቤቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። ገጠር ዘመድ ያለው፣ የሌለው እያልኩ። ምድር ላይ ያሉት እትዬ የላቸውም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ግን አለው፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ።

የእኔን ቤት ዘልዬ አለፍኩት።