ሊቆም የማይችል ትምህርት
(ለትምህርት ቤታችን የዲጂታል መማሪያ ክፍል ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ቴክኖሎጂና ፈጠራ በመማሪያ ክፍል» የሚል ነው። በመጀመሪያ ታብሌቶቹን ከባሕር ማዶ ገዝታችሁ ለላካችሁልን የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ክፍሉን ቀለም ቀብታችሁ፣ መስኮቱን በብረት አጥራችሁ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ዘርግታችሁ ላስረከባችሁን ወላጆች ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ይህን መድረክ ካገኘሁ ዘንድ ለብዙ ዓመታት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ጉዳይ ሳላነሣ ብወርድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች መካከል ብዙዎቻችሁ የፕላዝማ ልጆች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁንም በዚሁ ግቢ እኔው ራሴ አስተምሬአችኋለሁ። 1997 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ። ፕላዝማ የምንለው ያ ትልቅ የቴሌቪዥን ስክሪን ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በየመማሪያ ክፍሉ ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ሁመራ ያለውም፣ ሞያሌ ያለውም ዘጠነኛ ክፍል በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ከክፍለ ጊዜው የአንበሳውን ድርሻ የሚወስደው ስክሪኑ ነው፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

መልካም ጎኑን አልክድም። ቤተ ሙከራ ባልነበረን ዘመን ልጆች የልብን አመታት፣ የኬሚካሎችን ውህደት በዓይናቸው አይተውበታል። የፊዚክስ መምህር ጨርሶ ያልደረሰላቸው ወረዳዎችም ቢያንስ የፊዚክስ ድምፅ ሰምተውበታል። ሆኖም ከአካባቢያችሁ ቀበሌዎች ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳችሁ የመጣችሁት ልጆች እንግሊዝኛውን ለመከተል ስትታገሉ ከፊታችሁ ቆሜ አይቻለሁ። አቅራቢዋ ጥያቄ ትጠይቃለች። የሰዓት መቁጠሪያው ስክሪኑ ላይ ይዞራል። ሰባ ተማሪ ዝም ብሎ ያያል። ሰዓቱ ሲያልቅ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ፣ ትክክል ነው» ትልና ታልፋለች። ማን መለሰላት? ማንም አልመለሰላትም!

አንድ ቀን የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ስንማር ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ይቁምልን» አለችኝ። ሊቆም አይችልም። ከሰማይ የሚወርድ ትምህርት ነው፤ እኛ ብናቆመው እርሱ አይጠብቀንም። ድምፁን ቀንሼ ጥያቄዋን ሰማሁ። ኃይሉ ሳይለወጥ ክብደቱ ቢጨምር ፍጥነቱ ለምን ቶሎ እንደማያድግ አልገባትም። ግማሹ ክፍል ያልገባው ያንኑ ነበር። ሰሌዳው ላይ በጭነት ስለተሞላና ባዶ ስለሆነ ጋሪ ሥዕል ስሥል ከጀርባዬ ስክሪኑ ሦስት ምሳሌ ሠርቶ ጨረሰ። በማግስቱ የመጣው ትምህርት እነዚያን ሦስት ምሳሌዎች እንዳወቅናቸው ቆጥሮ ቀጠለ። ሳምንት ሳይሞላ በግምገማ ላይ «መምህሩ የሥርጭቱን ድምፅ እየቀነሰ ትምህርቱን ያስተጓጉላል» ተብሎ ስሜ ተነሣ። የተማሪን ጥያቄ መመለስ ማስተጓጎል ተባለ! ያን ጊዜም አልተቀበልኩትም፤ ዛሬም አልቀበለውም።

መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ለእኛ ጠፋ ማለት ነበር። ሥርጭቱ ሌላ ቦታ ይቀጥላል፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ቀርተን ነገ ከመካከሉ እንገባለን። ከፊታችሁ ቆሞ ያዘጋጀሁትን ላስተምር የሚል መምህር ቢኖር እንኳ የሚያስተምረው በተረፈችው ደቂቃ ነው። የምታስተምር ሳይሆን የምታበራና የምታጠፋ ሰው መሆን ለመምህር ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ጎበዝ ጎበዝ የነበሩ ባልደረቦቻችን በዚያ ዘመን ሙያውን ጥለው የሄዱት ደመወዙ ስላነሰ ብቻ አልነበረም።

በዕድሜ ከእኔ ጋር የምትቀራረቡ በደርግ ዘመን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረውን የሬዲዮ ትምህርት ታስታውሳላችሁ። ከፕላዝማው እጅግ ያነሰ መሣሪያ ነበር። ግን የመምህሩ መምሪያ አብሮት ይመጣል። መምህሩ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይገባል፣ ሬዲዮው ይሰማል፣ ሲዘጋ ጥያቄና መልሱ የክፍሉ ይሆናል። ርካሹ መሣሪያ ለመምህሩ ቦታ ትቶለት ነበር፤ ውዱ ነጠቀው።

አሁን ወደ አዲሱ ክፍላችን ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ያህል የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ ገብቼ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጀመረና የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን የመሠረተው «ፌት» የሚባል፣ የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ የማስመሰያ ፕሮግራም አለ። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ተማሪዎቹ በጣታቸው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተቱ አገናኙ። ከአንዱ አምፖል ጎን ለጎን ሁለተኛ አምፖል ሲጨምሩ የመጀመሪያው ብርሃን ምንም አልቀነሰም። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ያረጁ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋዮችና የእጅ ባትሪ አምፖሎች ሰጠኋቸውና ያንኑ በእውነተኛው ዕቃ እንዲሠሩት አደረግሁ። ሁለተኛውን አምፖል ሲያገናኙ የመጀመሪያው ደበዘዘ።

ክፍሉ ተናወጠ። «ታብሌቱ ዋሽቷል» ያለ ነበር፤ «ሽቦው ላልቶ ነው» ያለ ነበር። ሁሉንም አስቁሜ እንከራከር አልኩ። አንዱ ልጅ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ይምጣ አለ። ከሱቅ ተገዝቶ መጣ፤ ድብዘዛው የማይታይ ያህል ሆነ። ያኔ ነገሩ ያለው አምፖሉ ላይ ሳይሆን ባትሪው ውስጥ እንደሆነ ራሳቸው ደረሱበት። ባትሪው የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ባሕርይ አለው፤ ሲያረጅ ይጨምራል፤ ማስመሰያው ላይ ግን ሆን ተብሎ ካልተጨመረ በቀር የለም። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። እኔ የሠራሁት ማስቆም፣ ባትሪ ማቀበልና መጠበቅ ነው። ፈጠራ ብላችሁ ስለሰጣችሁኝ ርዕስ የማውቀው ይህንን ነው። ታብሌቱ ብቻውን ይህን ጥያቄ አያስነሣም፤ ባትሪ ድንጋዩም ብቻውን አያስነሣውም። ሁለቱን አጋጥሞ ልጆቹ እስኪከራከሩ የሚታገሥ መምህር ያስፈልጋል።

ታዲያ የዚህ ክፍል ቁልፍ የት ነው ያለው? ንብረት ክፍል ነው! ለሙከራው ለመግባት በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ማውጫ ቅጽ ላይ ፈርሜ፣ አንዱ ታብሌት ቢሰበር ከደመወዜ እንደሚቆረጥ ተነግሮኝ ነው የገባሁት። የኃላፊዎቻችንን ፊት እያየሁ ልናገረው፤ ቅር አይበላችሁ። በዚህ ሁኔታ የትኛው መምህር ነው ሰባ ልጅ ይዞ የሚገባው? የቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፖች በካርቶናቸው እንዳሉ ያረጁት ለምንድን ነው? ማንም ስላልፈለጋቸው አይደለም። ማንም በስሙ ሊያስመዘግባቸው ስላልደፈረ ነው። ተማሪ ሲማርበት የተሰበረ ዕቃ ሥራውን ሠርቶ ነው የተሰበረው። ሳይነካ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ዕቃ ግን ለሕዝብ የተረፈ ኪሳራ ነው!

ሌላም አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ አልዳረሰም፤ ለብዙ ተማሪ የደረሰው በቴሌግራም የሚላክ ፋይል ነው። ልጁ መጽሐፉን በስልክ እንዲያነብ እንነግረዋለን፤ ጠዋት በር ላይ ደግሞ ስልኩን እንቀማዋለን። ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ ከሁለቱም የለበትም። መጽሐፉ ስልክ ላይ ከሆነ ስልኩ ይግባ፤ ስልኩ የማይገባ ከሆነ መጽሐፉ ይታተም። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድናገርም ተጠይቄአለሁ። የቤት ሥራን አስገልብጦ ማምጣት ቀላል ሆኗል፤ እውነት ነው። መፍትሔው ተማሪውን ሰሌዳ ላይ አውጥቶ «ይህን መስመር ለምን ጻፍክ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህም ጊዜ ያለው መምህር ይፈልጋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በስልካችሁ የጀመራችሁ ተማሪዎች አላችሁና በርቱ፤ ይህ ክፍል ለእናንተም ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች በታብሌት ብዛት አንለውጣቸውም።

ስለዚህ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ተጨማሪ ዕቃ አይደለም። የክፍሉ ቁልፍ ከንብረት ክፍል ወጥቶ ለትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ይሰጥ። በትምህርት ላይ ለተሰበረ ዕቃ መምህሩ እንደማይከፍል በጽሑፍ ይረጋገጥልን። ምን ፕሮግራም እንደሚጫንና መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው የሚያስተምረው መምህር ይሁን። ወላጆች፣ ይህ በኅብረታችሁ ቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እለምናችኋለሁ። ሰኞ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዐሥረኛ «ለ» ፊዚክስ አለው፤ ቁልፉን እስከዚያ ድረስ እጠብቃለሁ።

አመሰግናለሁ።