ሲሊማሪን፦ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ

ሀና፦ ጤና ይስጥልን፣ ከአዳማ ነን። ፋርማሲ ገብቶ «የጉበት ቫይታሚን ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ሲሊማሪን ነው።

ዳዊት፦ ቫይታሚን ግን አይደለም። ሚልክ ትስል ከሚባል የሜዲትራኒያን አካባቢ እሾሃማ ተክል ፍሬ የሚወጣ ቅልቅል ነው፤ ዋናው ክፍሉ ሲሊቢን ይባላል።

ሀና፦ ኮሸሽሌም እሾሃማ ነው እኮ። አፍልቶ መጠጣትስ?

ዳዊት፦ በእሾህ ስለተመሳሰለ ሲሊማሪን አለው ማለት አይደለም። እውነተኛው ፍሬ ቢገኝ እንኳ ሲሊማሪን ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ሻዩ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። ፋብሪካ የፍሬውን ዘይት አስወግዶ በኢታኖል ወይም በአሴቶን ነው የሚያወጣው።

ሀና፦ እሺ፣ ወደ ካርቶኑ።

ዳዊት፦ «ኤክስትራክት (ከፍሬው የወጣ ንጥር) 175 ሚ.ግ፣ 80% ሲሊማሪን» ካለ፣ እንክብሉ ውስጥ ያለው ሲሊማሪን 140 ሚ.ግ ነው። የተለመደው መጠን ይኸው በቀን 3 ጊዜ፣ በድምሩ 420 ሚ.ግ ነው። «1000 ሚ.ግ የፍሬ ዱቄት» የሚለው ደግሞ ትልቅ ይመስላል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ሲሊማሪን ግን ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ስለሆነ የምታገኚው ከ15 እስከ 30 ሚ.ግ ብቻ ነው።

ሀና፦ መቶኛው ካልተጻፈስ?

ዳዊት፦ እኔ አልገዛውም።

ሀና፦ «ወስጄ የጉበት ኢንዛይሜ ወረደ» የሚሉ አሉ፤ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚለውን ማለታቸው ነው።

ዳዊት፦ መጠጥም አብረው አቁመው ከሆነ የወረደው በየትኛው ነው? በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን በቀን 3 ጊዜ 420 ወይም 700 ሚ.ግ ለ24 ሳምንት ወስደው፣ የጉበት ኢንዛይማቸው ከባዶ እንክብል ከወሰዱት የተሻለ አልወረደም። መድኃኒቱ ዝና ያተረፈው በመርዛማ እንጉዳይ ለተመረዙ ሰዎች ሲሰጥ ነው፦ ሲሊቢን በደም ሥር፣ በቀን 20 ሚ.ግ በኪሎ፣ ለአራት ተከፍሎ ይሰጣል። መርዙ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ይኼ የሆስፒታል ሥራ ነው፣ በእንክብል አይተካም።

ሀና፦ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ቫይረሱን የሚገታውን መድኃኒት፣ ቴኖፎቪሩን፣ ትቶ ወደዚህ ቢዞርስ?

ዳዊት፦ በፍጹም! ሲሊማሪን ቫይረሱን አይገታም። ቴኖፎቪሩ ሲቋረጥ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። የቲቢ መድኃኒትም ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል፣ እሱን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ካስመለሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል አይፈልግ፤ ሲሊማሪንም አይግዛ። በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሚወስድበት ጤና ጣቢያ ሄዶ የጉበት ምርመራ ያድርግ።

ሀና፦ የጎንዮሽ ጉዳቱስ?

ዳዊት፦ ሆድ ያላላል፣ አንዳንዴ ያቅለሸልሻል። ካሞሚል ወይም የሱፍ አበባ አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ከሚልክ ትስል ጋር የተክል ቤተሰባቸው አንድ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድም ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ይለካ።