የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የጠፈር ሌዘር የዛፍን ቁመት እንዴት ይለካል?

ከቦንጋ የደወሉ አድማጭ፦ «ሳተላይት የሚያየው የዛፉን አናት ብቻ ከሆነ ቁመቱን በምን ያውቃል?»

መልስ፦ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ሳተላይቶች የሚያዩት በእርግጥም አናቱን ነው፤ ሌዘር ግን የሚለካው ጊዜን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው ጄዳይ የተባለው የናሳ የሌዘር መሣሪያ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ወደ ምድር ይልካል፤ ብርሃኑም መሬት ሲደርስ 25 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ላይ ያርፋል። ከፊሉ ከላይኛው ቅጠል ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ ከፊሉ በቅርንጫፎች መካከል ሾልኮ ከታችኛው ቁጥቋጦ፣ የቀረው ደግሞ ከአፈሩ ይመለሳል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ቁመቱን ይሰጣል፤ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ልዩነት 15 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። በመካከል የተመለሰው ብርሃን ደኑ በየከፍታው ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ስለሚያሳይ፣ በዛፎቹ ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን ለመገመት ይረዳል።

ተዳፋት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሬቱ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ፣ በዚያው ክብ ውስጥ የአፈሩ ከፍታ ብቻ 14 ሜትር ያህል ስለሚለያይ፣ አንድም ዛፍ የሌለበት ገደል ደን መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገር የሚዘጋጅ የደን ካርታ፣ ደኑ ውስጥ ገብተው ዛፎቹን ከለኩ ባለሙያዎች መረጃ ጋር ሳይመሳከር ለውሳኔ መቅረብ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ «ጨረሩ ዓይን አይጎዳም?»

መልስ፦ ቀና ብሎ በባዶ ዓይን የሚመለከትን ሰው አይጎዳም፤ ብርሃኑ መሬት እስኪደርስ ድረስ በሜትሮች ስለሚሰፋ ኃይሉ እጅግ ይሳሳል።

ከባሕር ዳር፦ «የጣናን ውሃ ከፍታ በዚህ መከታተል ይቻላል?»

መልስ፦ ይቻላል። ለዋልታ በረዶ ጥናት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የመጠቀችው አይስሳት-2 የተባለች ሳተላይት፣ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በሰከንድ 10,000 ጊዜ አረንጓዴ ሌዘር ስለምትልክ፣ በምታልፍበት መስመር ላይ በየ70 ሳንቲሜትሩ ትለካለች፤ የሐይቅን ከፍታም በሳንቲሜትሮች ልዩነት ታሳያለች። ሆኖም ወደዚያው መስመር የምትመለሰው በ91 ቀን አንዴ ነው፤ ሌዘር ወፍራም ደመናን ስለማያልፍም ሐይቁ በሚሞላበት ክረምት መረጃው ይሳሳል። ለእነዚያ ወራት ደመናን የሚያልፈው የሳተላይት ራዳርና በሐይቁ ዳር በየዕለቱ የሚነበበው የውሃ ከፍታ መለኪያ የግድ ያስፈልጋሉ።