ልምድ ልውውጥ ሄደን ምን አይተን እንመለሳለን?

ሰላም አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ቤንችማርኪንግ ነው። የራስን ሥራ ከእኛ የተሻለ ከሚሠራው ጋር ማስተያየት፣ እሱ እንዴት እንደሚሠራው መማር፣ ከዚያ የራስን ማሻሻል። መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሁሉ በልምድ ልውውጥ ጉዞ ታውቁታላችሁ።

በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ቅሬታ አለኝ። አብሬ ሄጄ አይቻለሁ። አበል ይከፈላል፣ አውቶቡሱ ይሞላል፣ አስተናጋጁ ተቋም ፓወር ፖይንት ያሳያል፣ ግቢው ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሳል። ሲመለሱ «ጥሩ ተሞክሮ ቀስመናል» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ሰኞ ጠዋት ግን ባለጉዳዩ እዚያው ወረፋ ላይ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ነገሩ ከልብ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ታሪክ አለ።

ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባል የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ልቡ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ይዛወራል። ይህ ርክክብ አደገኛ ነው። ሕፃኑ የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው። ቱቦው፣ ሽቦው፣ የመድኃኒት ፓምፑ ሁሉ ከአንዱ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካል። በዚያው ሰዓት ስለ ሕፃኑ የሚታወቀው ሁሉ ለተረካቢዎቹ መነገር አለበት። አንዱ ሲሰካ፣ ሌላው ሲያወራ፣ ሦስተኛው ሲጠይቅ አስቡት።

ቀዶ ሐኪሙ ማርቲን ኤሊየትና የፅኑ ሕሙማን ሐኪሙ አለን ጎልድማን ከከባድ ሥራ በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና ውድድር ያያሉ። መኪናው ይቆማል፣ ሰዎች ይከቡታል፣ ጎማ ይቀየራል፣ በሴኮንዶች ውስጥ ይሄዳል። እኛም የምንሠራው ይህንኑ አይደለም ወይ አሉ። ከዚያ እስከ ጣሊያን፣ እስከ ተወዳዳሪው የፌራሪ ቡድን ቤት ማራኔሎ ድረስ ሄዱ። የራሳቸውን ርክክብም በቪዲዮ ቀርፀው ለፌራሪ ሰዎች አሳዩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ የልምድ ልውውጥ ቡድን የሰውን ሥራ ለማየት ይሄዳል። እነዚህ ግን የራሳቸውን ጉድለት ይዘው ሄዱ። የፌራሪ ሰዎችም አልራሩላቸውም። «በእኛ ቡድን እያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ አለው፣ ተራው የታወቀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ማንም አያወራም» አሏቸው። በዚያን ጊዜ መኪናው ፊት ምልክት ይዞ የሚቆመው ሰው «ሂድ» ሳይል መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። «እናንተ ጋ አዛዡ ማን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። መልሱ ግልጽ አልነበረም።

ሐኪሞቹ የአውሮፕላን አብራሪዎችንም አማከሩ። ከዚያ አሠራሩን ለወጡት። ርክክቡን የሚመራው የማደንዘዣ ሐኪሙ ሆነ። መጀመሪያ መሣሪያው ይዛወራል፤ ቀጥሎ መረጃው ይነገራል፤ ውይይቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማን የት እንደሚቆምና ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተወሰነ።

ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። 23 ርክክቦችን ከለውጡ በፊት፣ 27 ደግሞ ከለውጡ በኋላ ቆጥረዋል። በአንድ ርክክብ በአማካይ 5.42 የነበረው የቴክኒክ ስህተት ወደ 3.15 ወረደ። ሳይነገር የሚቀረው መረጃ ከ2.09 ወደ 1.07 ወረደ። ጊዜውስ? ከ10.8 ደቂቃ ወደ 9.4። ብዙም አልቀነሰም!

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። በዓለም ላይ በፍጥነት የታወቁ ሰዎች ጋ ሄደው ፍጥነትን አልኮረጁም። ሥርዓቱን ወሰዱ። ላይ ላዩን ለሚያይ የሚታየው ፍጥነቱ ነበር፤ ለታመመው ሕፃን የሚጠቅመው ግን ሥርዓቱ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው ሕንፃውን፣ ሶፍትዌሩን፣ ዩኒፎርሙን ነው። «እነሱ በጀት አላቸው፣ የእኛ ሁኔታ ይለያል» ብለንም እንመለሳለን። ማን መቼ እንደሚናገር መወሰን ስንት ብር ይፈጃል?

ከሌላ ሙያ መማር የሆስፒታሉ ፈጠራ አይደለም። ኮፒ ማሽን የሚሠራው ዜሮክስ በጃፓኖች ተበልጦ ገበያው እያመለጠው ሳለ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ራሱን ከሌሎች ጋር ማስተያየት ጀመረ። የመጋዘን ሥራውን ለማሻሻል ግን ሌላ ኮፒ ማሽን ሠሪ ጋ አልሄደም። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ ጫማና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በፖስታ የሚሸጠው ኤል ኤል ቢን ጋ ሄደ። እዚያ ቶሎ ቶሎ የሚታዘዘው ዕቃ ለማሸጊያው ቅርብ ይቀመጥ ነበር። መጠኑና ቅርፁ የተለያየ ዕቃ ከመደርደሪያ ለቅሞ መላክ የሁለቱም ራስ ምታት ነበር። ዜሮክስ በ1989 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ማልኮም ባልድሪጅ የጥራት ሽልማት ወሰደ።

እኛም ጋ ጅምር አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በጥራት ጥምረት ተደራጅተው፣ የተሻለ የሠራው መሪ ሆኖ ሌሎቹን እንዲያስተምር ተደርጓል። በጣም የምደግፈው ነገር ነው። ሆስፒታል ከሆስፒታል መማሩ ጥሩ ነው፤ እኔ የምመኘው ከግቢው ውጪም እንዲታይ ነው።

ለምሳሌ የካርድ ክፍል። ታማሚ ካርዱ እስኪገኝ በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ስንቶቻችን አይተናል? ሶማሌ ተራ ያለ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ደግሞ ጣሪያ ድረስ ከተቆለለው ውስጥ የጠየቃችሁትን ዕቃ እጁን ዘርግቶ ያወጣል። ያ ሰው ምን የት እንደሚያስቀምጥ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ እሱ ሲቀር ረዳቱ በምን እንደሚያገኘው ብንጠይቀው ደስ ይለኛል።

ካርድ ክፍል ወይም መዝገብ ቤት የምትሠሩ አድማጮች ካላችሁ፣ አንድ ልጠይቃችሁ። አንድ ካርድ ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ስንቱ ጭራሽ እንደሚጠፋ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ቁጥሩን ይዛችሁ ነጋዴው ጋ ሂዱ። የነገራችሁን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። ደህና ሁኑልኝ።