የልጆቻችን ሜዳ ለምን መጀመሪያ ይዘጋል?

በሰፈራችን የታዳጊዎች ዋንጫ መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶች፣ አባቶች፣ አሠልጣኞች፤ ማልያችሁን ለብሳችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆችም፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሻሎም ለሁላችሁም።

ጦርነቱ ያቋረጠው የሰፈራችን ዋንጫ ዛሬ ተመልሷል። አዘጋጆቹ መክፈቻ ንግግር አድርግልን ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ነገር ግን እንኳን አደረሳችሁ ብቻ ብዬ ከዚህ መድረክ አልወርድም። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የልጆቻችን ሜዳ ነው። ጦርነቱ ሲረግብ መጨረሻ የሚከፈተውም እሱ ነው። ለምን ብለን ስንጠይቅ፣ «በዚህ ቀን የኳስ ወሬ ነው እንዴ?» ይሉናል። እንዲህ ለሚሉን ሰዎች ይቺ አገር፣ እስራኤል፣ በጦርነት ጊዜ ኳስን እንዴት እንደያዘችው ላስታውሳቸው እወዳለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1930ዎቹ ይቺን አገር እንግሊዞች ናቸው የሚያስተዳድሩት። አገሩም ፍልስጤም ነው የሚባለው። የመጀመሪያውን ሊግ በ1932 ያሸነፈው የእንግሊዝ ፖሊስ ቡድን ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሃፖኤል ቴል አቪቭና ማካቢ ቴል አቪቭ ሻምፒዮንነቱን ይቀባበሉት ጀመር። መስከረም 1939 ዓለም ጦርነት ገባ። እዚህ ግን ኳሱ ቀጠለ። ሚያዝያ 1940 የፍልስጤም ቡድን ቴል አቪቭ ላይ ሊባኖስን 5 ለ 1 አሸነፈ። ለሊባኖስ የመጀመሪያው ኢንተርናሽናል ጨዋታ ነበር። የዚያን ዓመት ሊግ ሃፖኤል ቴል አቪቭ በላ።

በሰኔ ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ሽማግሌዎቻችን፣ ጣሊያንን ለእናንተ ማን ያስተዋውቃችኋል? ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ጦር ነው። መስከረም 9 ቀን 1940፣ ሰኞ ቀን፣ የዚያው ጦር አውሮፕላኖች ቴል አቪቭ ላይ ቦምብ ጣሉ። 137 ሰው ሞተ። ከሞቱት ውስጥ ሕፃናት አሉ። አጠገቡ ከነበረ የአረብ መንደርም የሞቱ አሉ። ከዚያ በፊት በሐምሌ ሃይፋ ተደብድባለች። ሰዉ ማታ መብራት እያጠፋ፣ መስኮቱን እየጋረደ ነው የሚያድረው። ወጣቱ ለእንግሊዝ ጦር ይመዘገባል። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከአይሁድ ማኅበረሰብ ብቻ 30,000 ያህል ሰው ዘምቷል። ተጫዋቾችም ማልያ አውልቀው የወታደር ልብስ ለብሰዋል።

ታዲያ ኳሱ ቆመ? አልቆመም! በ1941 ማካቢ ቴል አቪቭ ዋንጫ አነሳ። የ1941/42 ሊግም ተካሄደ፤ ሻምፒዮኑ ማካቢ ቴል አቪቭ ነው። ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር አስቡት። በ1942 በጋ የናዚ ጀርመኑ ጄኔራል የሮሜል ታንኮች ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ደርሰዋል። ከእስክንድርያ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግብፅ ከወደቀች ቀጥሎ ያለው እዚህ ነው። ናዚ ከመጣ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ሃይፋ አጠገብ ካርሜል ተራራ ላይ መሽገን እስከ መጨረሻው እንዋጋለን ብለው ዕቅድ ያወጡ ነበሩ። በዚያ ዓመት እንኳ ሊጉ አሸናፊ አለው። ዋንጫውንም ቤይታር ቴል አቪቭ ወስዷል።

ከሁሉ በላይ የምወደው የ1943ን ዋንጫ ነው። ለፍጻሜ የቀረቡት ሃፖኤል ኢየሩሳሌምና የእንግሊዝ የመድፈኛ ጦር ቡድን ናቸው። መድፈኞቹ 7 ለ 1 አሸነፉ። ሰው ሲያወራው እንደ ውርደት አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ጠዋት መድፍ የሚወለውል ወታደር ከሰዓት ታኬታ አጥልቆ የሚገባበት ሜዳ ተገኘለት። የሚገጥመው ተጋጣሚም ተገኘለት። ዳኛ ነበረ፣ ተመልካች ነበረ፣ ዋንጫ ነበረ። ጦርነት ላይ ያለ ጦር ለወታደሩ ኳስ ያስፈልገዋል ብሎ ካመነ፣ የ13 ዓመት ልጅ አያስፈልገውም የሚለን ማነው?

ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። ፌዴሬሽኑ የሁሉም አልነበረም። የአረብ ክለቦች በ1944 የራሳቸውን ማኅበር እንደገና ያቋቋሙት በዋናው ማኅበር ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ይህም የዚያው ታሪክ አካል ነው፤ አልደብቀውም።

ስለ አስመራም ልንገራችሁ፤ እዚህ መካከል በአስመራ ያለፋችሁ አላችሁና። በጥቅምት 1944 እንግሊዞች አገዛዛችንን ይዋጋሉ ብለው ያሰሯቸውን 251 አይሁዶች ከዚህ አንስተው ወደ ኤርትራ አጋዙ። ያኔ ኤርትራንም የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። አስመራ አጠገብ ሰምበል ካምፕ አስገቧቸው። ከተጋዙት ውስጥ የቤይታር ኢየሩሳሌም ተጫዋቾች ነበሩ። እዚያው በግዞት ቤይታር ኤርትራ ብለው ቡድን አቋቋሙ። ሽቦ ውስጥ ሆነው! በዚያው ዓመት አዲስ አበባም የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አይታለች። የአርመኖቹ አራራት፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእኛው ጊዮርጊስ ነበሩበት። ያሸነፈው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። ኢትዮጵያ ከወረራ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ።

ጥቅምት 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ሁሉም ነገር ቆመ። መቆሙም ልክ ነበር። ሰው ሞቷል፣ ሰው ታግቷል፣ አባቶች ለሚሉዊም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ተጠርተዋል። ከሳምንታት በኋላ ግን ትልልቆቹ ክለቦች ወደ ጨዋታ ተመለሱ። በቴሌቪዥን እናያቸው ነበር። የእኛ ሜዳ በር ላይ ያለው ሰንሰለት ግን እዚያው ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየመጡ ቁልፉን ነካ ነካ ያደርጉት ነበር። አንዱ፣ አባቱ ሰሜን የዘመተ፣ እናቱ ማታ ማታ የአረጋውያን ቤት የምትሠራ ልጅ፣ «አሠልጣኝ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለኝ። እኔም ለማወቅ ስልክ መታሁ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ወደዚያኛው፣ ከዚያኛው ወደ ሌላው እንደ ኳስ ቅብብል ተቀባበሉኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው «ለደኅንነት ሲባል ነው» አለኝ።

ደኅንነት! እስኪ ዞር በሉና ተመልከቱ። የቦምብ መጠለያው ያለው ከግራው ጎል ጀርባ ነው። ከመሃል ሜዳ ተነስቶ እዚያ ለመግባት የአንድ ልጅ ሩጫ ነው። ሜዳው ሲዘጋባቸው ልጆቹ የት ሄዱ? ቤት የተቀመጡ መሰላችሁ? ከገበያው ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ ነው የሄዱት። በመኪና መሃል፣ አስፋልት ላይ፣ መጠለያ በሌለበት ቦታ። አንድ ቀን ኳሷ የአንድ ሰውዬን ስፖኪዮ ሰበረች። ሰውዬው ጮኸ፣ ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሶቹ ልጆቹን ግድግዳ ጥግ አሰልፈው ስም ጻፉ። እኔ ስደርስ ትንሹ ልጅ ኳሷን በሁለት እጁ ሆዱ ላይ አጥብቆ ይዟታል። ይወስዱብኛል ብሎ ነው። ከመጠለያ አጠገብ ያለውን ሜዳ ቆለፉ፣ ልጆቹን መንገድ ላይ ጣሏቸው፣ ከዚያ መንገድ ላይ ናችሁ ብለው ስማቸውን ጻፉ! ይህን ነው ደኅንነት የሚሉን?

ሳይረን ሲጮህ ልጅ ሜዳ ላይ ይቁም ያለ ሰው የለም። ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ የሕዝቡን ደኅንነት የሚጠብቀው የጦሩ ክፍል፣ አትሰብሰቡ ባለበት ቀን የመጀመሪያው ወደ ቤት ሂዱ ባይ እኔ ነኝ። እኔ የምለው በፈቀደበት ቀን በሩ ይከፈት ነው። ለሀብታሙ ሰፈር ሲፈቀድ ለእኛም ይፈቀድ። እኛ ልጆቻችንን የወለድነው ለዘበኝነት ብቻ ነው እንዴ? ለሜዳስ አይደለም? በጦርነት የዘመተው አባት ልጄ ምን ያደርግ ይሆን እያለ መጨነቅ አለበት? የለበትም!

ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ባጭሩ ልበል። የሴቶቹ ቡድን የልምምድ ሰዓት ይሰጠው። ሁልጊዜ ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ መሆኑ ይቅር። የተቃጠሉት ሁለት የሜዳ መብራቶች ይተኩ። በነፃ የሚያሠለጥኑት ወጣቶቻችን ቢያንስ የትራንስፖርት ይታሰብላቸው።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ሥራ ነው። ከውኃው ጠረጴዛ አጠገብ ደብዳቤ አለ። የሜዳው ቁልፍ አንዱ በወላጆች ኮሚቴ እጅ ይሁን፣ መሰብሰብ በተፈቀደ ቀን ሁሉ ሜዳው ይከፈት ይላል። በአማርኛም በዕብራይስጥም ተጽፏል። እስክሪብቶ አለ። ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶች ካሉ ልጆቹ ያንብቡላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች እያሟሟቁ ስለሆነ ጨዋታው ሳይጀመር ፈርሙ። ስልክ ቁጥራችሁንም ጻፉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዘን የምንሄደው አብረን ነው።