ጅረቷ ምን አደረገቻቸው?

እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ነኝ። ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር ግን ቼክ አገር ናዚዎች ያጠፏትን መንደር፣ ሊዲትሴን ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማውራት አቃተኝ። ሁሌ "አንቺ ደሞ ካርታሽን ተይውና ስለ ሰዎቹ ንገሪን" ትሉኝ የለ? ዛሬ ግን ካርታውና ሰዎቹ አልለያይ አሉኝ።

ቦታዋ ከፕራግ ወደ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ክላድኖ አጠገብ። ክላድኖ የከሰልና የብረት ከተማ ነው፣ ብዙዎቹ የሊዲትሴ ወንዶች እዛ ነበር የሚሰሩት። ወደ 500 ሰው፣ ጅረት፣ የቅዱስ ማርቲን ቤተክርስቲያን፣ በቃ። በፈረንጆቹ 1318 ጀምሮ ስሟ በጽሑፍ አለ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ የናዚው ባለሥልጣን ሃይድሪክ፣ ቼክን ይገዛ የነበረው፣ ፕራግ ላይ ሜይ 27፣ 1942 ተመታ፣ ጁን 4 ሞተ። ከዛ ናዚዎቹ የሚበቀሉበት ቦታ ፈለጉ። ሊዲትሴ ከገዳዮቹ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራትም እኮ! አንድ የጠረጠሩትን የፍቅር ደብዳቤ ያዙ፣ ደግሞ የሁለት ቤተሰብ ልጆች እንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ነበሩ፣ ይኸው ነው።

ጁን 10 ላይ 173 ወንዶችን የሆራክ ቤተሰብ እርሻ ግቢ ውስጥ ረሸኗቸው። መጀመሪያ አምስት አምስት፣ ከዛ ረዘመባቸውና አስር አስር። ጥይቱ እንዳይነጥር ግድግዳው ላይ ፍራሽ ደርድረዋል፣ ከየቤቱ የወጣ ፍራሽ፣ ሌሊቱን ሰው ተኝቶበት የነበረ... ቄሳቸው ሽተምበርካ የ73 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፣ አብረው ተገደሉ።

እኔ ግን የቀረሁት እዛ ጋ አይደለም። የድሮውን የመንደር ፕላን ይዤ ሜዳው ላይ ቆምኩ፣ ቤተክርስቲያኑ በዚህ፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ እያልኩ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀና ስል ሣር ነው፣ ቁልቁል የሚወርድ በጣም የሚያምር ሣር፣ እና ደስ አለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ነፋስ አለ፣ ሰውነቴ አረፈ። ከዛ ደግሞ ፕላኑን አየሁ። ከዛ ደግሞ ሣሩን። ይሄ ውበት ራሱ የተሰራ ነው እኮ! ቤቶቹን አቃጠሉ፣ በፈንጂ አፈረሱ፣ ዛፎቹን ነቀሉ፣ መቃብሩን ቆፈሩ፣ ጅረቷን ሳይቀር አቅጣጫ አስቀየሯት። ሰው የሚጠላ ሰው አለ እሺ፣ ጅረት ግን ምን አድርጋቸው ነው? አካፋ ይዞ ጠዋት ተነስቶ ውሃ ሲያስቀይር የዋለው ሰውዬ ማታ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ካምፑ ሲመለስ ምን ያስባል? ደግሞ ፊልም ቀርጸውታል፣ ራሳቸው፣ በኋላ ኑረንበርግ ላይ ማስረጃ ሆነባቸው።

ልጆቹን... ስለ ልጆቹ ብዙ አልችልም። 82ቱ ፖላንድ ውስጥ ባለው የናዚ የመግደያ ካምፕ፣ ኼልምኖ፣ በጋዝ ተገደሉ። ማሪ ኡሂቲሎቫ የምትባል ቀራፂ በ1969 ጀምራ 82ቱንም በነሐስ ሰርታቸዋለች፣ በ1989 ሞተች፣ ሥራው የተጠናቀቀው ከሷ በኋላ ነው። ቆመው ወደ ሜዳው ነው የሚያዩት። ትልቁ ልጅ ትንሹን ይዞ... ይቅርታ።

እናቶቹ ራቨንስብሩክ የሚባል የናዚ የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ ነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ 143 ሴቶች ተመለሱ፣ ከልጆቹ 17 ብቻ። አዲሷ ሊዲትሴ ከድሮዋ ጥቂት መቶ ሜትር ርቃ ተሰራችላቸው። ማለት ጠዋት በር ሲከፍቱ ሜዳው አለ። እኔ ብሆን እችል ነበር? ወይስ ራቅ ብሎ መኖር ነው የማይቻለው?

ባዶ መተዉ ልክ ይመስለኛል፣ እላለሁ ደግሞ ባዶ እንዲሆን የፈለጉት እነሱ አይደሉም ወይ? ታዲያ ቤት ቢሰራበት ደግሞ... አይ። ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ሄሮኒሞ የሚባለው ቦታ ያኔውኑ ሊዲትሴ የሚለውን ስም ጨመረ፣ ስሟ ከካርታ ይጥፋ ስለተባለ፣ እና እሱን ሳስብ ትንሽ ቀለል ይለኛል፣ ግን ስም ሌላ ነው አይደል፣ ጅረቷ...